ጥበብ በመደርደሪያ አይወረስም

የባህል ቀን በደረሰ ቁጥር ግቢያችን ነጭ በነጭ ይሆናል። ወንዱ እጀ ጠባቡን፣ ሴቷ ባለ ጥለት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላው ተጣፍቶ፣ ዱንጉዛው ደምቆ ሲታይ ዓይን ያጠግባል። ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ «ባህላችንን እንጠብቅ» ይባላል፤ ይጨበጨባል። በማግስቱ ልብሱ ወደ ሻንጣ ይገባል፤ ንግግሩም ይረሳል። ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጥያቄ ሲነሣ ሰምተን አናውቅም፤ ይኼን ልብስ ማን ሠራው? የሠራው ሰውስ ከማን ተማረ? ልጁስ ከእሱ ይማር ይሆን?

ውድ እጩ መምህራን፣ ውድ መምህሮቻችን፤ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ይኼንኑ ነው። ነገሩ የልብስ ጉዳይ ስለሚመስል «ከመምህርነት ሙያ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በቀጥታ የሚያገናኘው ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱም ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የእጅ ዕውቀት የሚቀጥለውም የሚቆረጠውም፣ ልጁ ደብተሩን ይዞ ወደ እኛ ክፍል ከገባ በኋላ በሚሰማው ነገር ጭምር ነው ብለን እናምናለን።

አዲስ አበባን እምብዛም የማያውቁ ጓደኞች ስላሉን ስለ ሽሮ ሜዳ ጥቂት እንበል። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን መንገድ የያዘ ሰው ከተራራው ግርጌ ሽሮ ሜዳን ያገኛል። ግራና ቀኙ የሀገር ልብስ ሱቅ ነው። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ፣ የሕፃናቱ እጀ ጠባብ ሳይቀር ከበር እስከ ጣሪያ ተሰቅሎ ይታያል። ለሠርግ የሚገዛው፣ ለጥምቀት የሚገዛው፣ ውጭ አገር ላለች እህቱ የሚልከው ሁሉ ወደዚያ ይወጣል። ይህን ገበያ ያቆሙት በአብዛኛው ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ እየመጡ የሰፈሩ፣ ሙያቸውን በእጃቸው ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። በዶርዜ ወንዱ ይሸምናል፤ ሴቷ ትፈትላለች፤ ልጅ ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው ክር ነው። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ የገበያ ቦታ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። ጥቁር ሰሌዳና ደወል ባይኖረውም ትምህርት ቤት ነው።

በማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን በዚያ አካባቢ ነበርንና ከሱቆቹ በአንደኛው ገብተን ብዙ ሰዓት ተቀመጥን። ሱቁ የአንድ ቤተሰብ ነው። ከፊት መስታወትና መደርደሪያ አለው፤ እናትየዋና ትልቋ ልጅ ይሸጣሉ። ልጅቱ የደንበኛ ልክ ትወስዳለች፤ ቀሚስ ትሰፋለች፤ ለሩቅ ደንበኛ ደግሞ ጥለቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ታሳያለች። መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓሮ የገባ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያየው። መሬቱ ተቆፍሮ ሁለት የሸማ ጉድጓድ ተዘጋጅቷል። አባትየው እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰድደው በእግር ጣታቸው እየረገጡ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራሉ። አያትየው ዓይናቸው ስለ ደከመ መሸመኑን ቢተዉም በርጩማቸውን አስጠግተው የልጃቸውን እጅ ይከታተላሉ። ጥለቱ ሲዛነፍ ግን ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ቢደክምም የመምቻው ድምፅ ሲለወጥ ይሰማቸዋል።

«አባባ፣ እርስዎ ከማን ተማሩ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ከአባቴ ነዋ! ከማን ልማር ኖሯል?» አሉን። «መጀመሪያ ማግ ማጠንጠን ነው። ቀጥሎ ክር ሲበጠስ መቀጠል። ክር መቀጠል ያልቻለ ልጅ መወርወሪያ አይነካም። እኔ ስንት ክረምት ክር ስቀጥል ቆይቼ ነው መወርወሪያ የተሰጠኝ!»

እኛ እጩ መምህራን ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው እያልን በትምህርት አሰጣጥ ዘዴ ክፍለ ጊዜ የምናጠናውን ነገር እኚህ አባት አንድም መጽሐፍ ሳይገልጡ ያውቁታል። ፈተናውም፣ ማለፊያ ነጥቡም፣ ወደሚቀጥለው ክፍል መዛወሩም ሁሉ አለ።

ከዚያ ቤት ይዘን የወጣነው ትልቁ ነገር ግን ይህ አይደለም። በቤቱ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ አለ። እናትየዋ እየሳቁ እንዲህ አሉን፤ «እሱ እኮ ትምህርት ቤት የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ሲሉት ነጋዴ ነው የሚለው። ሱቅ አለና!» እናትየዋ ሳቁ፤ አያትየው ግን አልሳቁም። ልጁም አቀርቅሮ ቀረ።

ልጁ አልዋሸም፤ ሱቅ አላቸው። ነገር ግን እውነቱን ገምሶ ነው የተናገረው፤ የደበቀው ግማሽ ደግሞ ሱቁን ሱቅ ያሰኘው ነው። እንግዲህ አስቡት። ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ሥራ «ነጋዴ» ተብሎ በኩራት ይነገራል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው «ሸማኔ» እንዳይባል ይሸሸጋል። ቤቱ አንድ፣ ቤተሰቡ አንድ፣ ልብሱም አንድ ነው። ልጁ መጋረጃውን ከየት አመጣው? እናቱ አልሰቀለችለትም፤ አያቱማ ጭራሽ አያስቡትም። ከእኛው ከኅብረተሰቡ ነው ያገኘው፤ ከኅብረተሰቡም ውስጥ ከጓደኞቹ አፍና ከክፍሉ ነው።

ይህ ነውር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በሀገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሸምነው የእጅ ባለሙያ ሁሉ በሚሠራው ነገር እየተጠቀሙ በሠሪው ላይ ስም የሚያወጡበት ሰው ሆኖ ኖሯል። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቀጥቃጩ «ጠይብ» እየተባለ ሲሰደብ ነበር። በጎንደር አካባቢ በሽመና፣ በብረትና በሸክላ ሥራቸው ይታወቁ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ከዚህ ስድብ አላመለጡም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር አዝዘዋል፤ እንዲህ ያለው ስድብ አገርን ባለሙያ እንደሚያሳጣም ገልጠዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ንጉሠ ነገሥት በዐዋጅ ያልነቀለው ነገር ግን በአንድ ልጅ አንገት መድፋት ላይ ዛሬም ይታያል። ከዚህ የምንረዳው ዐዋጅ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ስድብ በልጅነት ይለመዳል፤ የሚነቀለውም በልጅነት ነው። የልጅነት ጊዜ ደግሞ በአብዛኛው የሚያልፈው በእኛ እጅ፣ በክፍል ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ ሊጠፋ ነው ብለን የምንሰጋው ነገር በእርግጥ ምን እንደሆነ እንይ። ብዙ ሰው ቅርስ ሲባል የሚታየው ዕቃው ነው፤ ቀሚሱ፣ ጋቢው፣ ጥለቱ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ስምምነት ግን የእጅ ጥበብን ከቅርስ ሲቆጥር ትኩረቱ ዕቃው ላይ ሳይሆን ዕቃውን በሚያስገኘው ዕውቀትና ክህሎት፣ ዕውቀቱም ከትውልድ ወደ ትውልድ በመተላለፉ ላይ ነው። የኛ ሰው ይህን ቀድሞ ያወቀው ይመስላል። በቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውን ጌጥ ምን ብሎ ነው የሚጠራው? ጥበብ! ልብሱንና ዕውቀቱን በአንድ ስም ነው የሚጠራቸው።

ያ ዕውቀት እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። የፈትሉ ቅጥነትና ውፍረት የሚወሰነው በፈታይዋ ጣቶች ነው። ድሩ ተዘርግቶ ይቆጠራል፤ ይወጠራል። ሜዳማው ልብስ በድርና በማግ ብቻ ያልቃል፤ ወደ ጥለቱ ሲደረስ ግን ሸማኔው የቀለሙን ክር እየቆጠረ፣ የትኛው ድር እንደሚነሣና የትኛው እንደሚቀር እያሰበ በመሐል ያስገባዋል። ቅርፁን በወረቀት ነድፎ የሚሠራ አለ፤ ብዙው ግን ሒሳቡ በጭንቅላቱ ነው። ጥለቱ ሰፋ ያለ ከሆነ ሥራው ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይፈጃል። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ቡልኮ ለደጋ ብርድ ከሁሉም ይወፍራል። ይህ ሁሉ ልክና መጠን ያለው ነገር ነው።

ከሠሪው በኩል ያለው ዕውቀት ይህ ሲሆን ከለባሹም በኩል ሌላ ዕውቀት አለ። ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ ነጠላ በመስቀልኛ ይጣፋል። ለቅሶ ቤት ሲኬድ ይዘቀዘቃል፤ ያየ ሰው ሳይነገረው ሐዘን መኖሩን ያውቃል። እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው ያደገድጋል። ልብሱ ያለ አፍ ይናገራል ማለት ነው። ጥሩ የቤተሰብ ሱቅ ይህን ሁሉ ከልብሱ ጋር ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላ የገዛችውን ወጣት «ነይ ልጄ፣ እንዲህ ነው የሚጣፋው» ብለው የሚያሳዩ እናት ከሌሉ ሱቁ ጨርቅ የሚሸጥበት ቤት ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ይህን ዕውቀት የሚፈታተኑት ነገሮች ብዙ ቢሆኑም ሦስቱን ብቻ እናነሣለን።

አንደኛው የታተመው ጥለት ነው። የሸማኔውን ጥለት ቀድቶ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ አትሞ በገፍ ማውጣት ከተጀመረ ቆይቷል፤ ከውጭ አገር እየተመረተ የሚገባውም ብዙ ነው። ዋጋው ይረክሳል፤ ከሩቅ ሲያዩት ልዩነቱ አይታወቅም። ቅርፁን ያሰበው ሸማኔ ግን ከዚያ ሽያጭ አንዲት ሳንቲም አያገኝም። ቀርቦ ለመለየት የፈለገ ሰው ጨርቁን ይገልብጠው። የታተመው ፊቱ ደምቆ ጀርባው ይፈዛል፤ በእጅ የተሸመነው ግን የቀለሙ ክር ራሱ በጨርቁ ውስጥ ገብቶ ከወዲያም ከወዲህም ይገኛል፤ በጣትም ይዳሰሳል።

ሁለተኛው የገንዘቡ አከፋፈል ነው። ሱቅ ያለው የሸማኔ ቤተሰብ ይሻለዋል፤ የሠራውን ራሱ ይሸጣልና። ሱቅ የሌለው ሸማኔ ግን ለነጋዴ ያስረክባል፤ በበዓል ሰሞን በውድ የሚሸጠው ቀሚስ ለእሱ ያስገኘለት ጥቂት ይሆናል። የፈታይዋማ ስሟ እንኳ አይነሣም። ሙያው እንጀራ ካላበላ አባት ልጁን «ና ተማር» ለማለት አፉ አይደፍርም፤ ቢልም ልጁ አይሰማውም፤ ባይሰማውም አይፈረድበትም።

ሦስተኛው ከላይ የተነጋገርንበት ነውር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከእኛ አቅም በላይ ናቸው ሊባል ይችል ይሆናል። ሦስተኛው ግን በእጃችን ነው።

እዚህ ላይ ከሰዎች ጋር ስንነጋገር የገጠሙንን ተቃውሞዎች ማለፍ አንፈልግም፤ ቁም ነገር አለባቸውና።

አንዳንዶች «እናንተ የምትሉት ለሀብታም ነው፤ የእጅ ሥራውን ልብስ እጩ መምህር በምን አቅሙ ይገዛዋል?» ይላሉ። እውነት ነው። ኪሳችንን እናውቀዋለን። የታተመውን የለበሰችውን እህታችንን ለማሳፈር አይደለም የምንጽፈው። ያማራትን መልበስ መብቷ ነው። የምንለው ሌላ ነው፤ የታተመው የታተመ ተብሎ፣ የተሸመነው የተሸመነ ተብሎ ይሸጥ። ባለ ሱቆቹ ራሳቸው ሁለቱንም እንደሚሸጡ እናውቃለን፤ ኑሮ ነው፤ አንፈርድም። ነገር ግን የታተመውን «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ መሸጥ በመጋረጃው ወዲያ የተቀመጠውን የገዛ አባትን መካድ ነው። ገዢም ቢሆን «ይኼ በእጅ የተሸመነ ነው ወይስ የታተመ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ቢኖረው ሻጩ መልስ ለማዘጋጀት ይገደዳል። ለመጠየቅ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም።

ሌሎች «ዘመኑ የማሽን ነው፤ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ተጎልቶ ወገቡን እየታመመ ይኑር ነው የምትሉት?» ይሉናል። ኧረ አይደለም! የጉድጓዱ እርጥበት፣ የብርሃኑ ማነስ፣ የወገብና የዓይን ሕመሙ ቅርስ ተብሎ ሊጠበቅ አይገባውም። ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ፣ ተቀምጠው የሚሠሩበት የእንጨት መሸመኛ አለ፤ ያ ቢስፋፋ ደስ ይለናል። ደግሞም ሸማኔው ለውጥ ጠልቶ አያውቅም። ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ የሚያብረቀርቀውም የቀለም ክር ከጥጥ ያልተሠራ ነው፤ ሸማኔው ሁለቱንም ተቀብሎ በሙያው ውስጥ አስገብቷቸዋል። ፋብሪካ ክር ስላመጣ ጥበቡ አልጠፋም። የሚጠፋው ክሩን የሚያስተሳስረው ጭንቅላትና እጅ ወራሽ ያጣ ዕለት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የሚነሣው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። «ልጅ ከአባቱ ይማር ስትሉ የሕፃናትን ጉልበት መበዝበዝ ማበረታታት አይሆንባችሁም?» የሚል ነው። ይህን የተናገረን አንድ መምህራችን ነው፤ ልክም ነው። «አዲስ አበባ ወስጄ አስተምርልሃለሁ» እየተባለ ከጋሞ ደጋ ከወላጆቻቸው ተለይተው የመጡ ሕፃናት የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ ከንጋት እስከ ሌሊት ሲሸምኑ መኖራቸው በተደጋጋሚ የተጠናና የተነገረ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን ጉልበቱን ከሚበዘብዝ፣ ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። በእኛ አስተያየት ልዩነቱ ግልጽ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ማግ የሚያጠነጥን፣ የቤት ሥራውን የሚሠራ፣ የሚጫወት ልጅ ይማራል። ከእናት ከአባቱ ተነጥሎ የሰውን ትእዛዝ እስኪያደርስ እንቅልፍ የተከለከለ ልጅ ይዘረፋል። በዚህ ዓይነት የተሸመነ ጥለት ምንም ያህል ቢያምር ባህል ጠበቀ አይባልለትም።

መምህርም ይህን መለየት አለበት። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት የሚጠፋውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ ከመቅጣት በፊት የት እንደሚያድር፣ ከማን ጋር እንደሚኖር መጠየቅ የመምህር ሥራ ነው። ስም በሚጠራበት ጊዜ «ቀሪ» ብሎ ምልክት ማድረግ ብቻውን አይበቃም።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? «ባህላችንን እንጠብቅ» የሚለውን መፈክር ደግመን ጽፈን ለመለያየት አይደለም የተነሣነው። ነገ ተነገ ወዲያ ተመድበን የምንሄድ ሰዎች ነን፤ አንዳችን ወደ ጨንቻ፣ አንዳችን ወደ መንዝ፣ አንዳችን እዚሁ ሽሮ ሜዳ ልንመደብ እንችላለን። በየሄድንበት ሸማኔ ባይኖር ሸክላ ሠሪ አለች፤ ሸክላ ሠሪ ባትኖር ቀጥቃጭ አለ። ስለሆነም የሚከተሉትን እንላለን።

አንደኛ፣ ስድብን በዝምታ አናሳልፍ። ተማሪ ጓደኛውን በአባቱ ሙያ ሲሰድብ «ተዉ እንግዲህ፣ ዝም በሉ» ብሎ ትምህርት መቀጠል መሸሽ ነው። ያን ሰዓት ትምህርቱን አቁሞ «ይኼን የለበስከውን ማን ሠራው? ወጡ የተሠራበትን ድስት ማን ሠራው? ማረሻውንስ?» ብሎ መጠየቅ የዕለቱ ዋና ትምህርት ነው። የወላጅ ሙያ በሚመዘገብበት ጊዜም «ሸማኔ» የሚለውን ቃል እኛው መምህራን ድምፃችንን ዝቅ ሳናደርግ እንጥራው።

ሁለተኛ፣ ሽመናውን ወደ ትምህርቱ እናስገባው። ለዚህ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። ለሒሳብ፣ አንድ የጥለት ቅርፅ በ12 ድር ላይ የሚያርፍ ቢሆን በ240 ድር ላይ ስንት ጊዜ ይደገማል? ጋቢ አራት ድርብ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ድርብ 3 ሜትር ቢሆን ሸማኔው ስንት ሜትር ሸመነ? ጥለቱን መሐል ለመሐል ቢያጥፉት ግራና ቀኙ ይገጥማል ወይ? ለሳይንስ፣ ከባዘቶ ጥቂት ቆንጥሮ መጎተት ነው፤ ወዲያው ይበጠሳል። ያንኑ አጠንክሮ አክርሮ መጎተት፤ ይጠነክራል። ለምን? ተማሪዎቹ ይከራከሩበት። ለኅብረተሰብ ትምህርት፣ ጥጥ የሚበቅልባቸውን እንደ አዋሽ ሸለቆ፣ ሁመራና መተማ ያሉትን ቆላዎች በካርታ ላይ ፈልጎ ጥጡ እስከ ደጋው ሸማኔ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ነው። ለአማርኛ ደግሞ ድርና ማግ፣ ፈትል፣ ባዘቶ፣ ጥለት የሚሉት ቃላት አሉ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ልጁ ድር አይቶ ቢማረው አይረሳውም። የጋሞኛ ተናጋሪ ልጅ በክፍሉ ካለ የሸማ ዕቃዎቹን በቋንቋው እንዲነግረን እንጠይቀው፤ ያን ዕለት አስተማሪው እሱ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ባለሙያውን ወደ ክፍል እንጥራ። ሸማኔው አባት ወይም ፈታይዋ እናት መጥተው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምሩ። ሲመጡም እንግዳ መምህር ናቸውና ወንበር ይቅረብላቸው፤ ተማሪዎች ይነሡላቸው፤ የዋሉበትን ቀን ገቢ የሚያካክስ ነገር ይታሰብላቸው። ሸማኔ የዋለበትን ቀን ያጣው ከእንጀራው ላይ ነው። ልጁ አባቱ በክፍሉ ፊት ቆመው መምህሩ ደብተር ይዞ ሲማርባቸው ያየ ዕለት «ነጋዴ» ማለት የሚያስፈልገው አይመስለንም።

አራተኛው ወደ ራሳችን ግቢ የሚመለከት ነው። የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችን የካርቶን ካርታና የሸክላ ሞዴል ሞልቶታል። አንድ የመሸመኛ ሞዴል ግን የለውም። ከእንጨትና ከሲባጎ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው፤ የሥነ ጥበብና የሒሳብ ክፍሎች ቢተባበሩ በአንድ ወሰነ ትምህርት ያልቃል። እንዲሁም በሚመጣው የባህል ቀን ከመድረኩ አጠገብ አንድ ሸማኔና አንዲት ፈታይ እየሠሩ እንዲታዩ፣ ስማቸውም ከንግግር አድራጊዎቹ ስም ጋር በፕሮግራሙ ላይ እንዲጻፍ ለተማሪዎች መማክርትና ለአስተዳደሩ እናሳስባለን። የዘፋኙ ስም ይጻፋል፤ የተወዛዋዦቹ ስም ይጻፋል፤ ሁሉንም ያለበሰው ሰው ስም የማይጻፍበት ምክንያት ምንድን ነው?

በመጨረሻም ስለዚያ የስድስተኛ ክፍል ልጅ አንድ ነገር መናገር ይገባናል። የግድ ሸማኔ ይሁን አንልም። ሐኪም ልሁን ካለ ሐኪም ይሁን፤ መምህር ልሁን ካለም እዚሁ እንቀበለዋለን። የአባትን ሙያ በግዴታ ማውረስም ሌላ ዓይነት እስራት ነው። የምንጠይቀው ይኼን ብቻ ነው፤ ሽመናውን ቢተወው ሌላ ስለመረጠ ይተወው እንጂ ስላፈረ አይተወው። ቢይዘውም አማራጭ ስላጣ ሳይሆን አውቆበትና ኮርቶበት ይያዘው። የቤተሰቡ ሱቅ ልብሱን በመደርደሪያ ላይ ሊያቆየው ይችላል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ልጁ ስለ ልብሱ ሠሪ አፉን ሞልቶ እንዲናገር ማድረግ ግን የሱቁ ብቻ ሳይሆን የክፍሉም ሥራ ነው።

አስተያየታችን ይህ ነው። የምትስማሙም የምትቃወሙም ጻፉና ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት፤ እንነጋገርበት። ዝም ብሎ አንብቦ ማለፍ ግን የለም። አደራ!